ለእትዬ ብርቄ የተጠገነው ፍሪሲዮን

እኛ መንጃ ፈቃድ ባወጣንበት ዘመን ሾፌር ጆሮ ነበረው፣ ሰማችሁ? መኪናዋ ስታጉረመርም ምኗን እንዳመማት ይለያል። አሁንማ ትንሽ ኮሽ ሲል ስልክ ነው የሚመዘዘው። እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ጆሮዬ ጡረታ አልወጣም፤ ያቺ ደጅ የቆመችው አሮጌ ፒክአፕ ትመስክር።

ታዲያ ባለፈው መስቀል እህቴን፣ እትዬ ብርቄን፣ ከአንጋጫ ላመጣት ነው። ታላቄ ናት፣ እዚያ ተድራ እዚያው ነው ያረጀችው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እግሯ አይታጠፍም፣ እና ሚኒባስ ውስጥ አትገባም። እኔ ግን የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ ስቤ አስሬላታለሁ፣ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። በስልክ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ መስቀልን አባቴ ቤት ካልዋልኩ፣ ከእንግዲህ የምውል አይመስለኝም።» አባቴ ቤት የምትለው ይሄን አሁን እኔ የምኖርበትን ነው። «ትውያለሽ!» አልኳት። አለቀ፣ ቃሌ ነው።

እና በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው መኪናዋን ልሞክር ብዬ አስነስቼ ፍሪሲዮን ብረግጥ፣ ማርሹ ክርርር! አልገባም። ደግሜ ረገጥኩ፣ ክርርር! ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ ወለል ይነካል። ጎረቤቴ ሄራሞ፣ እሱም እንደኔ የድሮ ሾፌር ነው፣ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ሄራሞ ደግሞ ችኩል ነው። «አለቀላት! ካምቢዮው ወርዶ የፍሪሲዮኑ ሸራ ካልተቀየረ ከዚህ ግቢ አትወጣም!»

«ቆይ እስቲ» አልኩት። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ረገጥኩ፣ እና ማርሹ ገባ! «አየህ? ሸራ ቢሆን ደጋግሜ ስለረገጥኩ ይገባ ነበር? ግፊት ነው ያጣችው፣ የፍሪሲዮኑ ዘይት ነው።» የዘይቷን ዕቃ ከፍቼ ባይ ጎድሏል። ተንበርክኬ ሥሯን ባይ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ታዲያ ዘይቱ የት ገባ? እጄን ከፔዳሉ በላይ ሰድጄ ብዳብስ፣ ርጥብ! ለካ ፔዳሉ የሚገፋው የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን ወደ ውስጥ፣ እግሬ ላይ ነው የሚያፈሰው። ጫማዬ ርሶ እኮ ሰንብቷል፤ እኔ ዝናብ መስሎኝ!

ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ጠርዟ ተበልቷል። ሄራሞ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ አመጣ፣ እና እኔ እጄን ስታጠብ እሱ ገጠማት። ዘይት ሞላን፣ አየሩን አወጣን፣ ሠራች። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ፣ በዋዜማው፣ ልሄድ ስል ብረግጥ ፔዳሉ ወረደ፣ እና እዚያው ቀረ! አይመለስም! ባለቤቴ ታደለች ታዲያ፣ «ተው በቃ፣ ራስህን አትግደል፣ እትዬን ለሌላ ጊዜ...»

«ሌላ ጊዜ የለም!» ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ ደነገጠች። ምን ላድርግ፣ እልህ ያዘኝ።

እንደገና ፈታሁት። ላስቲኳ አብጣ ተቀርቅራለች፣ በስንት መከራ አወጣኋት። ትናንት የገባች ላስቲክ ምን አሳበጣት? አሸተትኳት። እንደገና አሸተትኳት።

«ሄራሞ፣ ይቺን ስትገጥማት ምን ቀባሃት?»

«ቅቤ ነዋ!»

«ምን?»

«ቅቤ! አልገባ ብላ አስቸገረችኝ፣ ታደለች ለበዓሉ ካስቀመጠችው ቆንጠር አድርጌ...»

«አንተ ሰው፣ ሙሽራ ናት እንዴ ቅቤ የምትቀባት!»

«ለሰው የሚሆን ለላስቲክ ያንሳል?»

እኛ እኮ እንዲህ ነን። ራስ ቢያመን ቅቤ፣ በር ቢጮህ ቅቤ፣ ቆዳ ቢደርቅ ቅቤ። ፍሪሲዮን ግን አይወድም፣ ልንገራችሁ! ያ ላስቲክ የሚስማማው ፍሪሲዮኑ ውስጥ የምንሞላው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው፣ ሌላ ቅባት ከነካው ያብጣል።

ሱቁ ደግሞ ለበዓል ተዘግቷል። ባለሱቁ ቤት ሄድኩ፣ በሬ ሊጥሉ ገመድ ይዘዋል። «ጋሼ፣ በዓል እኮ ነው» ይለኛል። «እህቴ አንጋጫ ትጠብቀኛለች፣ ተነስ!» አልኩት። ገመዱን ለወንድሙ ሰጥቶ ተነሳ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ፖምፓውን በሳሙና አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ አዲሷን ላስቲክ በፍሬን ዘይት ነክሬ ራሴ ገጠምኳት። ሄራሞን አላስጠጋሁትም! ታደለችን መሪው ጋ አስቀመጥኳትና እኔ ሥር ገባሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ!

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዢ!»

የአየሩን ቡሎን ላላ ሳደርገው ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል፣ አጠብቀዋለሁ። «ልቀቂ! ርገጪ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እግሬ ዛለ!»

«ርገጪ ብያለሁ!»

እንዲህ እየተጯጯህን፣ እየተጯጯህን፣ አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ጥርት ብሎ መጣ። ፔዳሉም ጠንከር አለ፣ ሲለቁት ቶሎ ይመለሳል። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወጣሁ።

አንጋጫ ስደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። እትዬ ብርቄ ነጭ ለብሳ ደጅ ተቀምጣለች። ልጇ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ብንላት እምቢ አለች፣ ይመጣል ትላለች» አለችኝ። እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

እና መስቀልን አባታችን ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ፣ በልታ፣ ጠጥታ፣ ስቃ ዋለች። በዓሉ ሲያልፍ ልጇ ደወለች። «አጎቴ፣ እማዬን መቼ ታመጣታለህ?» ነገ ልል አፌን ስከፍት እትዬ ክንዴን ጨብጣ፣ በሹክሹክታ፣ «ፍሪሲዮኑ ተበላሽቷል በላት» አትለኝም!

«እትዬ! እንደ አዲስ አድርጌ ነው እኮ የጠገንኩት!»

«ተበላሽቷል በል ብያለሁ!»

ታዲያ ምን ልሁን? የጠገንኩት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ የማያውቅ እኔ፣ «ልጄ... ይሄ ፍሪሲዮን አሁንም እምቢ ብሎኛል» አልኳት። እትዬ እስከ ገና እኛው ጋ ከረመች። እኔም እስከ ገና አንጋጫ ውስጥ፣ አንድ ፍሪሲዮን መጠገን ያቃተው ሽማግሌ ስባል ከረምኩ። ሃሃሃ! ይበሉኝ!