የጋሼ አንጓ ወንበር አይነሳም

ሰኔ 26፣ ዓርብ ከሰዓት። ውጭ ዝናብ ነው፤ ውስጥ የጋሼ አንጓ የጡረታ ሽኝት። በልምምድ አዳራሹ የኦርኬስትራው ሰዎች በሙሉ፣ ሥራ አስኪያጁና የጋሼ ባለቤት እትዬ አሉ። ከልብስ ስፌት ክፍል የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። የተናገርኩት ይህንን ነው፦

ጋሼ አንጓ፣ የመጀመሪያ ቀን በር ላይ የሆነውን ያስታውሳሉ? ጥበቃው ቦርሳዎን ነቀነቀ፤ ውስጡ ያለው ተንኮሻኮሸ። "አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለ። "ሻከር ነው፤ ፍሬ ያለበት ቅል። አንተ ስትነቀንቀው ግን የምስማር ጣሳ ሆነ" አሉት። ይኸው እስከ ዛሬ ቦርሳዎን አይነካም!

ስኳር እርስዎ እጅ ከገባ ሻይ ውስጥ አይደርስም። ጣሳውን ያነሳሉ፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ... ሻያችን ይቀዘቅዛል። እትዬስ ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ወጥ ቤት ሩዝ ሳንገዋልል ከሳሎን ሆኖ 'ፈጠንሽ!' ይለኛል።"

እኔን ከመጋረጃ ጀርባ ምስር የሞላሁበትን ጠርሙስ ስነቀንቅ ያዙኝ። "ግማሹን አፍሺው፤ ፍሬው የሚሮጥበት ሜዳ ይፈልጋል" አሉኝ። ቀጥለው "ክንድሽን ተይው፤ በእጅሽ አንጓ! አንጓ!" አሉኝ። ይኼው ስም ሆኖብዎት ቀረ። ፍሬው ከእጅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ እጅ ቀድሞ ይነሳል፣ ጫፍ ላይ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ፍሬው ሳይበታተን አንድ ላይ ይመታል። ይህንን እስክለምድ ስንት ቀሚስ አጣምሜ እንደሰፋሁ ተወዛዋዦቹ ይንገሯችሁ።

ሥራ አስኪያጃችን "ከእሳቸው በኋላ ሻከሩን ኮምፒውተር ይጫወተዋል፤ ወንበሩም ይነሳል" ብለዋል። ከጀርባቸው ማማት አልወድም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ጌታዬ፣ ድምፃዊታችን እናቷን በቀበረች ሳምንት ዘፈኑ መሃል ሳግ ተናነቃት። ኦርኬስትራው ቆጥሮ ሊያልፋት ነበር። ጋሼ አንጓ ግን ቅሉን ዝቅ አድርገው፣ አፍ አፏን እያዩ ጠበቋት። ትንፋሽ ስትስብ አንዴ ጠንከር አድርገው መቱ። ገባች። ሌላውም ተከትሏት ገባ። ኮምፒውተርዎ የማንን አፍ ያያል?

"ታዲያ ማን ይቀመጥበት?" ካሉኝ፣ እኔ እቀመጥበታለሁ። ልብሱንም እሰፋለሁ፣ ቅሉንም እጫወታለሁ። የመጣው ይምጣ።

ጋሼ፣ ስናገር ሰው የማይሰማኝ ሴት ነበርኩ፤ ሲያስተምሩኝ ግን አንድ ቀን እንኳን "አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ" አላሉኝም። እግዜር ይስጥልኝ። በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ለጋሼ አንጓ! ጤናው ይብዛልዎ፣ ከደጅዎ ሰው አይጉደል፣ ከእትዬ ጋር ገና ብዙ ተጨቃጨቁ!

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ወንበሩ ተነስቷል። ከስፌት ክፍል የራሴን ወንበር ተሸክሜ አመጣሁ፣ ቦታው ላይ አስቀመጥኩ፣ ተቀመጥኩበት። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሙ።

"ተነሺ" አሉኝ።

የምስር ጠርሙሴን አንስቼ መጫወት ጀመርኩ።