አፌን የዘጋሁበት ሰባት ጠዋት

በእኛ ጊዜ አስማትም ቢሆን ከሰው አፍ ነበር የሚለቀመው፣ እንዲህ በስልክ አይመጣም ነበር፣ እና ጫልቱ፣ ልጄ፣ ያን ስልክሽን ወዲያ አድርጊና ስሚኝ። «ጥንቆላ ለጀማሪዎች» የሚል አየሁ ብለሽ ስታስቂን ነበር፤ ታዲያ እዚህ ከተቀመጥነው መሀል ጀማሪ የነበርኩት እኔ ነኝ። አትሳቁ። እኔ ወርቅነህ፣ የመዝገብ ቤቱ።

የምሳሳተው ነገር ይኖራል፣ እሱን አስቀድሜ ልናገር። ወሩ ግንቦት ይሁን ሰኔ አላውቅም፣ ዝናቡ ግን ጀምሮ ነበር። ክልሉ ኦሮሚያ ከተባለ ሦስተኛው ዓመት ይሁን አራተኛው አላረጋግጥም፤ እኛ ቢሮ በቁቤ መጻፍ ተጀምሮ፣ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ከጎረቤት ልጆች ደብተር ላይ ፊደል እቆጥር ነበር። ሐሙስ ካልኳችሁም አርብ ሊሆን ይችላል። የድልድዩን ነገር ግን አልሳሳትም።

ብርቅነሽ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ጸጉሯን እንኳ እኔ ነበርኩ የማበጥርላት፣ እና ስትጮህ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ቀስ! ጸጉር ነው እኮ፣ ቃጫ አይደለም!» ትለኛለች። ታዲያ አደገችና ጀማል የሚባል ጎሚስታ ወደደች። ጎማ ሲለጥፍ የሚውል፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያኔ ግን ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል አልኩ፤ እኔ ደግሞ የሰው አፍ የምፈራ ሰው ነኝ፤ እና በሩ ላይ ቆሜ «ከእንግዲህ ፊትሽን አታሳዪኝ» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እሺ፣ ወንድም ጋሼ።» በቃ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያዘዝኳትን ሁሉ እሺ የምትል ልጅ ነበረች፣ ይህንንም እሺ አለች። ከጀማል ጋር ወደ ጋምቤላ በሚወርድ የጭነት መኪና ሄዱ ተባለ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ምንም ወሬ የለም። ማበጠሪያዋ መስኮቱ ላይ ቀርቶ ነበር። አላነሣሁትም።

ታዲያ ከመቱ ወጣ ብሎ ኖፓ የሚባል ቦታ አንድ መሪጌታ አሉ አሉኝ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ የሄደ ሰው የሚጠሩ። በእግሬ ሄድኩና «እህቴን ይጥሩልኝ» አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና፣

«እኔ ብጠራት ማን ብላ ትመጣለች? የሚጠራው የሥጋ ዘመድ ነው። ተማርና ራስህ ጥራት» አሉኝ።

«እኔ? ጥንቆላ?»

«ስሙን ተወው። ትፈልጋታለህ?»

«እፈልጋታለሁ።»

«እንግዲያው ተማሪ ነህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩና ደብተር አወጣሁ። እሳቸው «የክርስትና ስሟን ከእናቷ ስም ጋር ሰባት ጊዜ ትላለህ» ሲሉኝ፣ እኔ «በአንድ ትንፋሽ ነው ወይስ እያረፍኩ?» እላለሁ። «እያረፍክ።» «ቅጠሉ የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው?» «በቀኝ።» «ግራኝ የሆነ ሰውስ?» «ግራኝ ነህ እንዴ?» «አይደለሁም፣ ለጥንቃቄ ብዬ ነው።» መሪጌታው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጥንቆላ ነው የምትማር ወይስ ቃለ ጉባኤ ነው የምትይዝ?» አሉኝ።

ትምህርቱ ይህ ነው። ሰባት ጠዋት ወደ ሶር ወንዝ ወርዶ አንድ ቅጠል (ስሙን አልነግርሽም ጫልቱ፣ አትጻፊ) ብረት ሳይነካው፣ ጥላዬ ሳያርፍበት በእጅ መቁረጥ፣ እና ቤት አምጥቶ ከበሩ በላይ መሰካት። ከቆረጥኩበት እስከ ደጄ ድረስ አፌ አይከፈትም። «ሰላም የሚልህ አይጠፋም» አሉኝ መሪጌታው፣ «ፊትህን አዙር። አንድ ቃል ከወጣህ እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። ደግሞ ስማ፣ በመጨረሻው ቀን ፈተና ይመጣል።» ይህንንም ጻፍኩ፣ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ቢሮ እንዳላረፍድ የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ሞላሁ፤ ምክንያት በሚለው ላይ «የግል ጉዳይ» አልኩ። ታዲያ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ መቱ በጠዋት ሰላም ሳይባል የሚታለፍባት ከተማ አይደለችም። በመጀመሪያው ቀን ላቤ ነው የመጣው። ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ አስካለ «ወርቅነህ፣ እንደምን አደርክ?» ሲሉኝ አንገቴን ቀበርኩ። ከኋላዬ ሰማኋቸው፣ «ምነው ይሄ ሰውዬ፣ ሹመት ሰጡት እንዴ?» ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ዲንቃ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማር ጭኖ ከያዮ የሚመጣው፣ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ወርቅነህ? ነጋዳ?» አለኝ፣ ደህና አደርክ ወይ፣ ሰላም ነው ማለቱ ነው፣ እና ሳላስበው «ነጋ!»፣ ሰላም፣ ብዬ መለስኩ። ቃሉ ከወጣ በኋላ አፌን በእጄ ያዝኩት፣ ምን ዋጋ አለው! ቅጠሉን ጥዬ በማግስቱ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሦስት ቀን ያዙልኝ።

እና ሁለተኛውን ቆጠራ እንደ መዝገብ ጠበቅኩት። ሰባተኛው ጠዋት ደረሰ። ቅጠሌን በቀኝ እጄ ይዤ የሶር ድልድይ ላይ ስወጣ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፣ ሾፌሩ ሸበት ያለ ሰው ነው።

«ጋሼ! ጋሽ ወርቅነህ አይደሉም? እንደምን አደሩ?»

ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ።

«ጋሼ፣ ሰላም ብዬዎታለሁ እኮ!»

ከመኪናው ወርዶ ከፊቴ መጣና ቆቡን አወለቀ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይመልከቱኝ» አለኝ፣ ድምፁ የሚለምን ነበር። እኔ የማየው የራሴን ጫማ ነው። በአጠገቡ አለፍኩ፣ እና የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ታዲያ ምን አልኩ በልቤ? ፈተናው ይሄ ነው፣ አለፍኩት! ደስ ብሎኝ ሮጥኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ቅጠሉን ሰክቼ ቀኑን ሙሉ የግቢውን በር ሳይ ዋልኩ።

ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ እትዬ አስካለ ጠሩኝ።

«አንተ፣ ያን ሾፌር ምን አድርጎህ ነው ፊት የነሳኸው? ድልድዩ ላይ ታገኘዋለህ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ወደ ጋምቤላ ሲመለስ ምሳ በላና አጫወተኝ። ከእህትህ ነው የመጣው።»

«ከብርቅነሽ? ምን አለች?» አልኩ።

«በጨርቅ የተጠቀለለ አደራ ሰጥታው ነበር። ያለችው ምንድን ነው መሰለህ፣ ‹መጀመሪያ ሰላም በለው። ከመለሰልህ ይህን ስጠው፣ ያለሁበትንም ንገረው፣ ና ካለኝ እመጣለሁ። ፊቱን ካዞረ ግን ምንም እንዳትለው፣ አታስቸግረው፣ መልሰህ አምጣልኝ።›»

«ታዲያ ለምን አልተቀበሉትም?»

«ለምኜው ነበር፣ አደራ ነው ብሎ እንቢ አለ። አንተን ላስጠራ ስል መኪናው ተነሣ። ልጅ ወልዳለች አለኝ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«አልጠየቅሁትም።»

«እንዴት አይጠይቁም፣ እትዬ አስካለ! እንዴት አይጠይቁም!» ብዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቄ ላይ ጮህኩ። እሳቸውም አልተቆጡኝም።

ያን ሦስት ቀን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ለኦቦ ዲንቃ «ነጋ» ባልል ኖሮ ሰባቱ ቀድሞ ያልቅና፣ ሾፌሩ በመጣበት ጠዋት አፌ ክፍት ይሆን ነበር። ኖፓ ሄጄ ለመሪጌታው ነገርኳቸው። ደብተሬን ተቀብለው ያሰመርኩበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው «ጥሪውማ ሠርቷል» አሉኝ። ባልሠራ ባሉኝ ይቀለኝ ነበር። ሠርቶ ይሁን በራሷ ናፍቃኝ ይሁን የላከችው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም፤ «እኔም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ» ብለው ደብተሬን መለሱልኝ።

«ለዚህ ነው እንዴ ጋሼ፣» አለች ጫልቱ፣ «ድልድዩ ላይ መኪናውን ሁሉ ሰላም የሚሉት? ባጃጆቹ እኮ ‹ጋሽ ሰላምታ› ነው የሚሉዎት።»

አውቃለሁ፣ ይበሉኝ። ስቀውም ቢሆን ጥሩምባ ይነፉልኛል፣ ያም ሰላምታ ነው።

ታዲያ ጋምቤላ ወዲያው አልሄድኩም። ፈቃዴን ጨርሼ ነበራ! ያለ ፈቃድ ከሥራ መቅረት ፈራሁ፤ ይኸው፣ ይህንንም አልደብቃችሁም። የሄድኩት ከመስቀል በኋላ ነው። ጎሚስታ ቤቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው አንድ ሰው ጎማ እየነፋ፣ «ጀማል? እዚህ ነበር የሚሠራው። ክረምቱ ሳይወጣ ሄዱ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ አሶሳ ይሁን ወደ ድንበሩ፣ እንጃ።»

«ሚስቱስ?»

«ብርቄ? እሷ ጓዟን ጭና ስትጨርስ ‹ከመቱ ሰው ከመጣ ወንድሜን ሰላም በሉልኝ› ብላናለች። ‹ባይመልስም ሰላም በሉልኝ› አለች። እርስዎ ከመቱ ነዎት?»

እና እዚያው ከጎማው ክምር አጠገብ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ፣ ብርቄ? ልጅሽስ?» አልኩ። ሰዎቹ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። አንዱ «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» ብሎ ጠየቀ። ጎማ ሲነፋ የነበረው ሰውዬ ዝም በል አለው፣ እና የምቀመጥበት ጎማ ገለበጠልኝ።

የእሷን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።