ሽቦው የታጠፈበት ጓሮ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጆች፣ ከሁላችንም በላይ ደግሞ የተከበርሽው የሟች ባለቤት፣ እህቴ፤

ወደ ስንብቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ከባድ ዜና የማሰማት ግዴታ አለብኝ። ባርኔጣ ያደረጋችሁ አውልቁ። ዛሬ ጠዋት፣ ይህ ካፊያ ሲጀምር፣ የሟች አህያ ሳትታሰር አድራ ኖሮ አጥር ጥሳ ገብታ የባለ ወፍጮውን ጥቅል ጎመን በልታለች። ከዳር እስከ ዳር ነው የበላችው። ለዘር እንኳ አላስተረፈችም። የጎመኑ ባለቤት ይኸው መሀላችን ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። ለማን እንደሚያለቅስ ግን እኔ እንጃ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱ ቢሰማ ከሁላችሁ ቀድሞ ይስቅ ነበር።

ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር ጠይቁኝ። ያቺ አህያ ለምን ሳትታሰር አደረች? ሁልጊዜ ሲመሽ የሚያስራት ሰው ነበራ! እዚያ ሽቦ የተሸከመው ብረት ማማ እግር ላይ ነበር የሚያስራት። "እንግዲህ ከቆመ አይቀር ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም" ይል ነበር። ትናንት ያሰራት ሰው የለም። ዜናው ይኸው ነው። ጋሽ ብርቱካን ሞቷል።

እኔን ታውቁኛላችሁ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። መሬት የለኝም። ያለኝ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ መስታወትና ሁለት መቀስ ነው። አንደኛው መቀስ ደንዟል፤ እሱን ለማልወዳቸው ሰዎች ነው የማስቀምጠው። እዚህ ከቆማችሁት ወንዶች መሀል በእጄ ያላለፈ ጭንቅላት የለም። ከላዩ ምን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ከውስጡም ምን እንዳለበት አውቃለሁ። ሰው ፀጉሩን ሲቆረጥ አንገቱን ይደፋል። አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ ያወራል።

ጋሽ ብርቱካን ግን ወሬ አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ይቀመጣል። የብርቱካን ዛፎቹ ሲያብቡ የመጣ እንደሆነ፣ ሱቄ ውስጥ የሽቶ ጠርሙስ የተሰበረ ይመስል ነበር። "አንተ ሽማግሌ፣ ደግሞ ሽቶ ጀመርክ?" እለዋለሁ። "ያንተን ሱቅ ሽታ ልችለው ብዬ እንጂ" ይለኛል። በቃ፣ ይኸው ነበር ወሬው። ተመልሶ ዝም።

እስቲ እናንተም ዝም በሉ። ዝም በሉና ስሙት። ከላያችን ያለው ሽቦ ነው። ካፊያ ሲሆን ይብስበታል። ንብ ይመስላል የምትሉ አላችሁ። አይመስልም። ንብ ደክማ ማር ትሰጣለች። ይሄ ጥርሱን ነክሶ የሚያጉረመርም ሰው ነው የሚመስለው። ያ ሰው ይህን እየሰማ ነበር የሚተኛው። ይህን እየሰማ ነበር የሚነሳው። ዛሬ እንኳ፣ አፈር ልናለብሰው ቆመን እንኳ፣ አልተወውም።

እንዴት መጣ ይህ ሽቦ? ታውቃላችሁ። ግን እንደማታውቁ ሆኜ ልንገራችሁ።

የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰባችሁበትን ቀን አስታውሱ። አግዳሚው የተሰበረበትን ቀን። የከፍተኛ ኃይል የመብራት መስመር በመሬታችሁ ሊያልፍ ነው ተብሎ የተሰማ ሰሞን ነው። ከስሩ ዛፍ አይቆምም፣ ከስሩ ቤት አይሠራም ተባለ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባለ ወፍጮው አግዳሚ ላይ ዘሎ ወጣና "በሬሳዬ ላይ ካልሆነ በቀር አያልፍም!" አለ። አግዳሚው "ቋ!" አለ። እሱ ወደቀ፤ እናንተ አጨበጨባችሁ።

ከዚያ "ሊቀመንበራችን ማን ይሁን?" የሚል ጥያቄ መጣ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ብርቱካን ብቻ ጫማውን አላየም። የተሰበረውን አግዳሚ ሊጠግን ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል ተመርጧል።

"ምን ሆንኩ?"

"ተመረጥክ።"

"ለምኑ?"

"ለሁላችን።"

ለሁላችሁ! መዶሻውን እንደያዘ ነበር የተናገረው። አጭር ነበር ንግግሩ። "የመስመሩ ቀያሽ ሲመጣ ሁላችንም መልሳችን አንድ ይሁን። ሰው በሌለበት፣ በዚያ በጠፍ ዳገት ዞሮ ይሂድ። 'በእኔ አይለፍ' የሚል እንዳይኖር። 'በማንም አይለፍ' ነው የምንለው። በማንም።" እናንተም ተነስታችሁ "በማንም!" አላችሁ። እኔ ማዶ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። የሰው ፂም እየላጨሁ ነበር፤ ደንግጬ ልቆርጠው ምንም አልቀረኝ።

ቀያሹ መጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ጎበዝ ልጅ ነበር። ከአዳራሹ ይልቅ የእያንዳንዳችሁን በር መረጠ። አንድ በአንድ አንኳኳ። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ። ሥራውን ሲጨርስ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፋ፤ አወራ።

"አባባ፣ እንዲህ የቀለለኝ ሥራ አይቼ አላውቅም" አለኝ እየሳቀ። "በየበሩ እሄድና 'ዳገቱ አይሆንም ተብሏል፤ በእርስዎ ካልሆነ በየት ይለፍ?' እላለሁ። አፋቸው 'በማንም' ይላል። ጣታቸው ግን ይነሳል።"

"ወዴት?" አልኩት።

"ወደ ብርቱካኖቹ።"

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። "የሁሉም?"

"የሁሉም።"

"እሱ ራሱ ዘንድስ ሄድክ?"

"ሄድኩ እንጂ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር። 'በየት ይለፍ?' አልኩት። 'ልጄ፣ በዚህ በኩል ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በዚያ በኩል ያለው ልጆቹን ገና አላሳደገም። ወዴት ብዬ ልጠቁምህ?' አለኝ። ከዚያ ብርቱካን ቀጥፎ ሰጠኝ።" ቀያሹ አንገቱ ላይ የወደቀውን ፀጉር አራገፈ። "ጣፋጭ ነበር" አለኝ ቀጥሎ።

የቀረውን ፀጉሩን በደንዛዛው መቀስ ጨረስኩለት።

ምን አልክ ባለ ወፍጮ? "ኧረ አባባ፣ በሰው ቀብር ላይ?" ነው ያልከው? የት ልበለው ታዲያ? ወንበሬ ላይ ስትቀመጥማ ታንቀላፋለህ! አንተን ብቻ አይደለም የምለው። ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤትም እዚሁ ናት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባለች። እሱ ላንቺ ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ያንቺን ጣት ግን ቀያሹ አስታውሶ ነገረኝ።

ቀና በሉ። ሽቦውን እዩት። ከዚያ ማዶ ቀጥ ብሎ ይመጣል። እዚያ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። በብርቱካኑ ጓሮ ያልፍና እንደገና ቀጥ ይላል። መሐንዲስ ያጠፈው መሰላችሁ? መሐንዲስ ቀጥ ያለ ነገር ነው የሚወድደው። ያን ያጠፈው ጣት ነው።

ከዚያ የሞተር መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡ። ፍሬው ገና ግማሹ አረንጓዴ ነበር። እስኪበስል ጠብቁኝ አላላቸውም፤ እንደማይጠብቁት ያውቃል። "የደረሰውን እንኳ ልልቀም" አላቸው። "እስከ ቀትር" አሉት። እናንተም ሰማችሁና ቅርጫት ይዛችሁ መጣችሁ። ልታግዙት። እኔም መጥቼ ነበር፤ ዛፍ ላይ መውጣት ባልችል መሰላል ያዝኩ። አይ፣ ውሸት መናገር አይገባም፤ በደንብ ለቀማችሁ። ስትለቅሙ ውላችሁ ቅርጫታችሁን ተሸክማችሁ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ። አንድ ሰው ቅርጫቱን እሱ በር ላይ ያስቀመጠ አለ? ካለ እጁን ያንሳ። ጣት ማንሳት ታውቁ የለም?

እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ "እግዜር ይስጥልኝ" እያለ ነበር የሚሸኛችሁ። አንድ በአንድ። "ከሚበሰብስ ይሻላል" አለኝ። ከቀትር በኋላ መጋዙ ጮኸ። ባለቤቱ፣ እህቴ፣ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የተቆረጠ የብርቱካን እንጨት ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ? እንደ አበባው ነው የሚሸተው። መንደሩ በሙሉ አበባ አበባ ሸተተ። ከዚያ ወዲህ ሸትቶ አያውቅም።

እና ይህ ሁሉ ኃይል ወዴት ነው የሚሄደው? እኔ አላውቅም። ወደ አንድ ከተማ ነው ይላሉ። የሚሄድበት አገር ሰዎች ይብራላቸው። የጋሽ ብርቱካን ቤት ግን በኩራዝ ነው የሚያመሸው፤ እንደናንተው ቤት። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ጓሮ የተጣለ ረጅም ነጭ የፍሎረሰንት አምፖል አንስቶ መጣ። ምን ልታደርገው ነው ብለው "ቆይ" አለኝ። አመሻሹ ላይ ከሽቦው ስር ሄዶ ቆመና አምፖሉን ወደ ላይ አነሳው። በራ! ምንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይሰካ፣ ከሽቦው በሚረጨው ኃይል ብቻ እጁ ላይ እንዳለ በራ። "ነይ!" ብሎ ጮኸ ወደ ቤቱ። "ነይ ውጪ! መብራት ገባልን!"

እህቴ ወጣች። መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እሱ ሳቀ። ያን በርቶ የቆመ ነገር እንደያዘ፣ እንባው በጉንጩ እስኪወርድ ሳቀ። አጠገቡ ነበርኩ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ ወንበሩን አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ ዛፎቹን ሲያይ የኖረ ሰው፣ ጀርባውን ለማማው ሰጥቶ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ጀመረ። የግድግዳው ልስን ምን ይታያል? እሱ ግን ያየዋል። ለአህያዋ ሲል ብቻ ወደዚያ ብረት ይሄዳል፤ ያውም አንገቱን ደፍቶ። ሱቄ መምጣቱንም ተወ። መቀሴን በኪሴ ከትቼ፣ መስታወቴን በብብቴ ይዤ እኔ ወደሱ መሄድ ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። አንገቱ ላይ ጨርቅ አስሬ እየቆረጥኩት "ጎረቤቶችህን ተቀይመሃል?" አልኩት። "አይ" አለኝ። "ሰው ሲፈራ ጣቱ ራሱ ይነሳል። ሁሉንም ይቅር ብያለሁ፤ ንገራቸው" አለኝ።

ይኸው ነገርኳችሁ።

አየኋችሁ። ትከሻችሁ ወረደ። አንዳንዶቻችሁ አሁን ነው የተነፈሳችሁት። ባለ ወፍጮውም መሀረቡን አወጣ። እዚህ ላይ ነበር ላበቃ ያሰብኩት። እዚህ ላይ ባበቃ ለሁላችንም ጥሩ ነበር።

ግን ያ ቀያሽ ከትናንት በስቲያ እንደገና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛ መስመር ሊመጣ ነው። ከመጀመሪያው ጎን። እህቴ ከቤቷ በስተጀርባ የቀሯት ጥቂት ዛፎች አሉ፤ እሱ ሲሞት የተወላት እነሱን ነው። አሁንም በየበራችሁ ይመጣል። አሁንም "በእርስዎ ካልሆነ በየት ይለፍ?" ይላችኋል። ምን እንደምታደርጉ ልጠይቃችሁ? አልጠይቅም። ጭንቅላታችሁን አውቀዋለሁ አልኩ እኮ። እሷ ብቻዋን ናት። አግዳሚ የሚጠግን ሊቀመንበር የለም። ተስፋ አለኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

ደህና ሁን፣ ጋሽ ብርቱካን። ደህና ሁን፣ ዝምተኛው ደንበኛዬ። ሱቄ ከእንግዲህ የሱቅ ሽታ ብቻ ነው የሚሸተው። አህያህን ዛሬ እኔ አስራታለሁ፤ እዚያ ብረት ላይ ግን አላስራትም። ሌላ የማደርግልህ ነገር የለኝም። ስላንተ ብዙ አወራሁ፤ አንተ እንደዚህ ሲወራ አትወድድም ነበር። ከተናገርኩት ውስጥ አንዷን ከራሴ እንደጨመርኩ አንተ ብቻ ታውቃለህ።

አዎ፣ አንዷን ፈጥሬያታለሁ። አህያዋን እንዳትሉ፤ ጎመኑ ምስክር ነው። አምፖሉን እንዳትሉ፤ ባለ ወፍጮው ራሱ ሰርቆ ሞክሮታል፤ በርቶለታል። የፈጠርኩት ይቅርታውን ነው። ዛሬ ከዚህ ቀልላችሁ እንድትሄዱ ፈልጌ ነበር። ቀያሹ ባይመለስ ኖሮ እንደያዛችሁት ትሄዱ ነበር። አሁን ግን ይቅርታውን መልሱልኝ።

ያን ቀን "ተቀይመሃል?" ስለው ምንም አላለኝም። ቆረጥኩት። አበጠርኩት። ስጨርስ፣ እንደልማዴ፣ ፀጉሩን እንዲያይ መስታወቱን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ወደ ግድግዳው ዞሮ መቀመጡን ረስቼው ነው። መስታወቱ ውስጥ ከኋላው ያለው ማማ ገባ፤ ከነሽቦው፣ ከነመታጠፊያው፣ የእናንተም ቤቶች ከወዲያና ከወዲህ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ዘረጋና መስታወቱን ጉልበቱ ላይ ደፋው።

ለጥያቄዬ ያለው ይኼንን ብቻ ነው።