ጨው የሌለው ሰንበቴ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፤ የሚካኤል ሰንበቴ ሙሴና ሰብሳቢ የሆነው ጡረተኛው የክሊኒክ ድሬሰር ልሳነወርቅ፣ ባሏ ከሞተ ስምንት ወር የሆናት የነገዋ ተረኛ ትርንጎ ጓዳ ገብቶ፣ የወጡን ድስት ከፍቶ ቀምሶ፣ ማንኪያውን እንደያዘ ፊቱን አጨፍግጓል።

ልሳነወርቅ፦ ይኼ ምንድን ነው? ወጥ ነው ወይስ የእቃ እጣቢ?

ትርንጎ፦ ሽሮ ነው፣ ሙሴያችን። ያለ ዘይት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው። ያኛው ድስት ጎመን ነው፤ እሱም እንደዚሁ።

ልሳነወርቅ፦ ጨው ረሳሽ በይኛ!

ትርንጎ፦ እኔ? ሠላሳ ዓመት ለሰርግ ለክርስትና ወጥ የሠራሁ ሴት ጨው እረሳለሁ? ሰንበቴው ቤት ግድግዳ ላይ በእጅዎ ጽፈው የለጠፉትን አስነብቤ ነው የሠራሁት። «ሰውነታችሁ የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነውና በጨውና በዘይት አታፍርሱት።» የጎደለ አለ?

ልሳነወርቅ፦ ቀንሱ ማለቴ ነው እንጂ ጨርሳችሁ አውጡ አልኩ?

ትርንጎ፦ «መርዝ ጠብታዋም መርዝ ናት» ያለው ማን ነው? የጎረቤት አውራ ዶሮ?

ልሳነወርቅ፦ ጠላውስ?

ትርንጎ፦ ማሰሮው ውስጥ ውሃ አለ። ፈልቶ የቀዘቀዘ። እሱንም እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።

ልሳነወርቅ፦ ስሚኝ ትርንጎ። ነገ እንደ ሌላው እሑድ አይደለም። የወረዳው ሊቀ ካህናት ይመጣሉ። ማኅበርተኛውም ሙሴ ይመርጣል። አርባ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ሲያስቀድስ ቆይቶ፣ ሆዱ እየጮኸ መጥቶ ይኼን ሲቀምስ…

ትርንጎ፦ ይመርቅዎታላ! እኔማ ድስቱ ሲወጣ ተነሥቼ፣ «ሙያው የእኔ አይደለም፣ የሙሴያችን ትምህርት ነው» እላለሁ። የሰው ምስጋና አልሰርቅም።

ልሳነወርቅ፦ ከወንበሬ ልታወርጂኝ ነው።

ትርንጎ፦ በጎመን? በጎመን የሚነቃነቅ ወንበር ድሮም እግሩ ደህና አልነበረም።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው ሌላ ሴት አሠራለሁ!

ትርንጎ፦ ያሠሩ። የተረኛን ድግስ የነጠቀ ከሰንበቴው ይታገድ ብለው ሥርዓት ያስወሰኑት እርስዎ ነዎት። ሊቀ ካህናቱ ሲመጡ ያንንም አብረን እናነብላቸዋለን።

ልሳነወርቅ፦ ድንጋይ ነው የሚወረውሩብኝ!

ትርንጎ፦ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይባል የለ። ምነው ማንኪያውን አስቀመጡት? ይድገሙ እንጂ፤ ለልብ ጥሩ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ደግሞ ይኼ «እርስዎ» ከየት መጣ? አያ ልሳነ አልነበር የምትይኝ? ማንያዘዋል ነፍሱን ይማረውና እሱ እያለ…

ትርንጎ፦ የባሌን ስም ያነሡት እርስዎ ነዎት። ልብ ይበሉ፣ እኔ አላነሣሁም።

ልሳነወርቅ፦ አሃ። የተዝካሩ ነገር ነው።

ትርንጎ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በባሌ ተዝካር፣ ጎረቤት የሠራውን በልተው ጠጥተው፣ አፍዎን ጠርገው ተነሡና ምን አሉ?

ልሳነወርቅ፦ ሰው እንዲማር ብዬ ነው…

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ልሳነወርቅ፦ «ማንያዘዋልን ቀኑ ደርሶ አይደለም የሞተው፤ የሚስቱ ድስት ነው የገደለው» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ያመለጠው አፍ ከተማውን ዞረው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰርግ ቤት ወጥ ሥሪ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። የጎረቤቴ የአትጠገብ ልጅ ስትዳር፣ ክርስትናዋን ያበላሁት እኔ እያለሁ፣ ወጥ ሠሪ ከሌላ አገር አስመጡ። እኔን ግብዣ ጠሩኝ! እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። ልቅሶ ቤት ወጥ ላማስል ስጠጋ ማማሰያውን ከእጄ ቀስ ብለው ይወስዱታል። «አንቺ እረፊ እቴ» ይሉኛል። እረፊ! ባሏን የገደለች እጅ ምን ትንካ?

ልሳነወርቅ፦ አጠፋሁ። ይኸው ወረቀቱን ዛሬውኑ ሄጄ እቀደዋለሁ። ጨውም ይግባ፣ ዘይትም ይግባ!

ትርንጎ፦ ለምን ይቀደዳል? ትምህርቱ እውነት ነው።

ልሳነወርቅ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ እውነት ነው። ሐኪሙ ለማንያዘዋል ያዘዘው ይህንኑ አይደል? የደም ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ኩላሊቱ ደክሟል፣ ጨው ባፉ እንዳይዞር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌ ሠራሁለት። ብቻውን እንዳይከፋው እኔም አብሬው በላሁ። ሰው ቤት ስቀምስ ምላሴን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ለመድኩት።

ልሳነወርቅ፦ እኔ ይኼን ሁሉ መቼ አወቅሁ…

ትርንጎ፦ ታውቅ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ምን?

ትርንጎ፦ ታውቅ ነበር አልኩህ። «እርስዎ»ው አልቋል። ሐኪም ዘንድ ይዘኸው የሄድክ አንተ፣ ወረቀቱን ያነበብክልን አንተ። «አደራ ትርንጎ፣ ጨው እንዳታሳዪው» ያልከኝ አንተ!

ልሳነወርቅ፦ እሺ። አውቅ ነበር።

ትርንጎ፦ ታዲያ ግፊቱ ለምን አልወርድ አለ? ራሴን ጠየቅሁ። ድስቱ የድሮ ጨው ይዞ ይሆን ብዬ በአሸዋ ፈተግሁት። ማንያዘዋል ግን በየቅዳሜው ከሰዓት «ከልሳነ ጋር ዳዊት ልንደግም ነው» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል። ዳዊት እንዲህ ያስጠማል?

ልሳነወርቅ፦ ትርንጎ…

ትርንጎ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እስቲ ንገረኝ፣ የትኛውን መዝሙር ነበር የምትደግሙት? ቋንጣውን ነው ጥብሱን?

ልሳነወርቅ፦ ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ ሚስትህ። ባለፈው ሳምንት መጥታ እዚቹ ዱካ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሥሪልኝ ያልካትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። እሷስ ቢያንስ ማልቀስ ታውቃለች።

ልሳነወርቅ፦ ለምኖኝ ነው! «ልሳነ፣ አፌ ሞቷል፣ አንድ ቀን ብቻ» አለኝ። አብሮ አደጌ እኮ ነው። አንድ ቀን አልኩ፤ አንዱ ሁለት ሆነ። ሲጎርስ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ ብታዪ…

ትርንጎ፦ አላየሁም። እኔ ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጎርስ።

ልሳነወርቅ፦ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማስተማር የጀመርኩትም ሌላውን ባድን ይቀለኛል ብዬ ነው። በተዝካሩ ስነሣ፣ ማርያምን፣ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ልል ነበር የተነሣሁት። ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፌ ወደ አንቺ ዞረ።

ትርንጎ፦ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲሉ ለሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወንድም ያማስላል ለካ!

ልሳነወርቅ፦ በይ ፍረጂብኝ። ምን ላድርግ?

ትርንጎ፦ ነገ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ትነሣለህ። አሁን የነገርከኝን ሁሉ በዚያው አፍህ ትነግራቸዋለህ።

ልሳነወርቅ፦ ወንበሩን እለቃለሁ። በቃኝ፣ ደከመኝ ብዬ እለቃለሁ፤ ይኼ አይበቃሽም?

ትርንጎ፦ ወንበርህ ምን ያደርግልኛል? ወጥ አይሠራበት! የወሰድከው ስሜን ነው፣ ስሜን መልስ።

ልሳነወርቅ፦ በምን ፊቴ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?

ትርንጎ፦ እኔ ከተዝካሩ ወዲህ በገባሁበት።

ልሳነወርቅ፦ እሱ ራሱ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፣ ትርንጎ። «ድስቴን ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ያዳነችኝ ይመስላታል፤ እንዳትነግራት» ነበር ያለኝ። … ምነው ድስቱን ከደንሽው? ትርንጎ?

ትርንጎ፦ ይኼንንም ነገ ትናገራለህ።

ልሳነወርቅ፦ ይኼንንም? ለማንያዘዋል እንኳ አታዝኚለትም?

ትርንጎ፦ አዝኜለታለሁ። ስምንት ወር ጥቁር ለብሼ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ እየተባልኩ አዝኜለታለሁ። ከእንግዲህ ያለውን ተካፈሉት፤ እሱ በመቃብሩ፣ አንተ በቁምህ።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። እናገራለሁ። ሊቀ ካህናቱ ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት። በይ አሁን ጨው ጨምሪበት፤ ምስኪን ማኅበርተኛ በእኔ ኃጢአት አይቀጣ።

ትርንጎ፦ ማንያዘዋል ከታመመ ወዲህ ይኼ ጓዳ ጨው ገብቶበት አያውቅም። ከራስህ ጓዳ ይዘህ ና፣ ለእሱ ስትነሰንስለት ከነበረው። በእጅህ እንደያዝከው ቆመህ ተናገር፤ ድስቱን የምከፍትልህ ስትጨርስ ነው።