አንዴ ተነክቶ ስምንት የቆጠረው በር

እንደምን አደርሽ እህቴ? ፕሪንተሩስ ዛሬ ወረቀት መጉረሱን ተወ? እኔማ ከዕቃ ግምጃ ቤቴ የወጣሁት ለዚህች ፊርማ ነው። አለቃሽ ስልካቸውን እስኪጨርሱ እዚሁ አረፍ ልበል። የቢሮአቸውን በር አትዝጊው፣ አየር ይግባላቸው።

በዚሁ ላጫውትሽ። አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ… ስማቸው ምን ያደርግልሻል? ሰው ሳመሰግን ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው።

እኚህ ሰው ማይክሮኮንትሮለር፣ ያቺን ዕቃ የምታዝ ትንሽ ቺፕ፣ ማስተማር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አንዲት ቺፕ አቃጥለው አያውቁም። ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ከመደርደሪያዬ ቺፗ የምትሰካበትን ቦርድ አንድም ወስደው አያውቁማ። ሲሙሌተር አላቸው። ቺፗም፣ መብራቱም፣ ሽቦውም ኮምፒውተር ላይ ተስሎ ቁጭ ያለ፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ… የእሳቸው ላም ግን ወተቷም ይታያል፤ መጠጣቱ ብቻ ነው የቀረው።

ያቺ አብራቸው የምታስተምረው ደግሞ፣ ምስኪን፣ ልጆቹን አሴምብለር ታስጽፋለች። ይህን አንሺ፣ እዚያ አስቀምጪ፣ አሁን ጠብቂ እያሉ ቺፗን በራሷ ቋንቋ አንድ በአንድ ማዘዝ ነው። ሲሙሌተሩንም አትጠላው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እያንዳንዱ ትእዛዝ ውስጥ ለውስጥ ምን እንደሚሠራ እሱ ላይ ታሳያቸዋለች። ከዚያ «በሉ ወደ ቦርዱ» ነው። ስንት ቺፕ አስቃጠለችብኝ መሰለሽ? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብላ ድርቅ። ከስክሪኑ መቅዳት እየተቻለ ማን ምንጭ ድረስ ይወርዳል?

እንግዶቹ የመጡ ዕለት አንቺ ፈቃድ ላይ ነበርሽ አይደል? አመለጠሽ። የአዲሱን የግቢ በር የምትከፍተውን ቺፕ ኮድ የጻፉት እኚሁ ሰው ናቸው። ቁልፉን አንዴ ሲጫኑት ይከፈታል፣ ሲደግሙት ይዘጋል። ስክሪን ላይ መቶ ጊዜ ሞክረውት መቶ ጊዜ ታዟል። በዋዜማው እሷ የእኔው መስኮት ፊት ለፊት ነገረቻቸው፦ «የእውነት ቁልፍ ሲጫኑት ውስጡ ያለው ብረት ይነጥራል፤ ቺፗ ንጥረቱን ሁሉ እንደ አዲስ መጫን ትቆጥረዋለች። ሃያ ሚሊሰከንድ እንድትጠብቅ ያድርጓት፤ ጥቂት መስመር ናት።» እሳቸውም እንደ አዋቂ ፈገግ አሉ። ሲሙሌተር ላይ ቁልፍ አይነጥርማ… ጨዋ ነው።

የክብር እንግዳው አንዴ ነኩት፤ የቺፗ መቁጠሪያ ስምንት አለች። በሩ ክፈት ዝጋ፣ ክፈት ዝጋ ሲባል ተንቀጥቅጦ እንደተዘጋ ቀረ። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቀስ ብለው ይጫኑት።» እንግዳውም ቀስ አሉ፤ አሁን ደግሞ ስድስት። በመጨረሻ በጥበቃው ትንሿ በር ጎንበስ ብለው ገቡ። እንዲህ ያለ ትሕትና ለእንግዳ ማን ያስተምራል?

ታዲያ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። የእሷ የስንብት ደብዳቤ ተጽፎ ዛሬ የእሳቸውን ፊርማ ይጠብቃል አሉ፤ «ቦርዱን በአግባቡ ባለማዘጋጀቷ» የሚል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል… የእሳቸው ልክክ ግን ሥርዓት አለው፤ የደብዳቤ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ትናንት መበየጃዋን ጠቅልላ ስታስረክበኝ ሁለቱን ልጆቿን በምን እንደምታሳድግ ጠየቀችኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

ምን እያደረግሁ ነው፣ ከሥራ አስፈታሁሽ። እኔ ቂም አላውቅም፤ ሰውዬውን ስመርቃቸው ነው የምውለው። ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሽበታቸውን ያሳምርላቸው። በስተርጅና ምናልባት ልባቸው ደከም ቢል፣ ያቺን የልብ ምት የምታስተካክለውን ትንሽ መሣሪያ ደረታቸው ውስጥ የሚያስገቡላቸው ቀን ቢመጣ… የቺፗን ኮድ የሚጽፍላቸው እሳቸው ራሳቸው ኮትኩተው ያሳደጉት፣ አንደኛ የወጣው ተማሪያቸው ይሁንላቸው። አሜን በይ እንጂ እህቴ።