የቃጠሎው ቅጠል

ከዚራ ሰፈር ስኖር ግሪካዊቷ ጎረቤቴ አገሯ ልትገባ ስትነሳ በዘይት ጣሳ የተከለችውን አበባ ለእኔ ትታልኝ ሄደች። «ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ቅጠሉን ሰብረሽ የሚወጣውን ዝልግልግ ነገር ቃጠሎ ላይ ቀቢው» ብላኛለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው እሳት ወይ ዘይት የነካው ሰው ብቻ ሆነ። ተቀብቶ ይሄዳል፤ እኔና ቢጫው አበባ እንቀራለን።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት፣ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጠው ኸዲጃ ቀኝ እጇን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። «እትዬ፣ ዘይት ፈሰሰብኝ» አለችኝ። ሻሹን ፈታሁት። እጇን ምንም አልነካውም። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን ሰበረች። ያላትን አንድ ልጅ ጠዋት በጅቡቲ ባቡር መሸኘቷ ያኔ ትዝ አለኝ። ቅጠል ሰብሬ ቀስ እያልኩ ቀባኋት።

«ያምሻል?»

«ወላሂ፣ በጣም።»

«እንግዲያው ነገም ካልተቀባ አይድንም» አልኳት።

በነጋታው አበባዬን አጠጥቼ በር በሩን ሳይ አረፈድኩ። ልክ በትናንቱ ሰዓት መጣች። የጠቀለለችው ግን ግራ እጇን ነበር።