የፍሪሲዮን አዳሹ የአቶ ባዬ ደምሴ ዜና ሕይወት

አቶ ባዬ ደምሴ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ ሽበሺና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ኩማ በጥቅምት ወር 1920 ዓ.ም. በሞጆ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ ቅስና የተመኙላቸውን አባታቸውን ቅር እያሰኙ ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ጋራዥ ገብተው በዚያው ቀሩ።

ወደ አዋሳ የመጡት ከተማይቱ ገና ስትቆረቆር በ1953 ዓ.ም. ሲሆን፣ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የአውቶቡስ ጋራዥ ተቀጥረው የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን ፍሪሲዮን ሲመረምሩና ሲያድሱ ኖረዋል። መለዋወጫ በጠፋባቸው በእነዚህ ዓመታት ከወዳደቁ የጭነት መኪናዎች የፍሪሲዮን ሸራ እየነቀሉ፣ እየሞረዱና በአዲስ ምስማር እየመቱ ስንቱን አውቶቡስ ወደ መንገድ እንደመለሱት እዚህ የቆማችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው ታውቃላችሁ። የምስማሩ ራስ ከሸራው በታች ጠልቆ መቀመጡን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሳያረጋግጡ፣ ከዚያም ግራ ጫማቸውን አውልቀው የፍሪሲዮኑን ፔዳል በባዶ እግራቸው ሳይረግጡ መኪናው ለመንገድ ብቁ ነው ብለው አይፈርሙም ነበር። ጠባያቸው ቁጡ ነበር፤ ሲነዳ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ሸራ የሚያስበላ ሾፌር ከእሳቸው ሰላምታ አያገኝም።

በ1956 ዓ.ም. በዚያው ጋራዥ ግምጃ ቤት ከሚሠሩት ከወይዘሮ አስካለ ፍቅርተማርያም ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ1975 ዓ.ም. የስኳር በሽታ ግራ እግራቸውን አስቆረጣቸው። ያ እግር ሙያቸው ነበርና ሁላችንም ያበቃላቸው መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ባለቤታቸውን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጫማቸውን አስወልቀው፣ ፔዳሉ የት ላይ እንደሚይዝና ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እየጠየቁ፣ የሞተሩን ድምፅ ደግሞ በራሳቸው ጆሮ እያዳመጡ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በነሐሴ 1977 ዓ.ም. መርምረው የፈረሙለት አንድ አውቶቡስ በዲላ መንገድ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ከድቶት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቦይ ገባ፤ የሞተ ባይኖርም የአንዲት እናት ክንድ ተሰበረ። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አቶ ባዬ በክራንቻቸው ቆመው ምርመራውም ፊርማውም የእሳቸው መሆኑን ብቻ ተናግረው ተቀመጡ። ከክፍል ኃላፊነት ወርደው ተራ መርማሪ ሆኑ፤ በማኅደራቸውም ቸልተኛ የሚል ቃል ተጻፈ። ይህ ቃል እግራቸውን ካጡበት ቀን ይልቅ አንገታቸውን አስደፍቷቸው ነበር።

በሽታው ወደ ኩላሊታቸው ዘልቆ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በየካቲት ወር 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ ልጃቸውን ጽጌሬዳን፣ እንዲሁም በብሔራዊ ውትድርና ላይ ስላለ መርዶው ገና ያልደረሰውን ማቴዎስን ትተው ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ነገር ግን ወይዘሮ አስካለ የሚከተለው በሰው ፊት እንዲነበብ አዘዋል። ያ አውቶቡስ በተመረመረበት ዕለት አቶ ባዬ በትኩሳት ይቃጠሉ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ፔዳሉን ረግጠው ሲለቁ መጨረሻው ጫፍ ላይ ብቻ እንደያዘ፣ ሸራውም እንዳለቀ እግራቸው ነገራቸው። እውነቱን ቢናገሩ ባለቤታቸው ፍሪሲዮኑን ሳያስወርዱ ወደ ቤት እንደማይገቡ ስላወቁ፣ ደኅና ነው አሏቸው። አቶ ባዬም አምነው ፈረሙ። ጥፋቱ የወይዘሮ አስካለ ነበርና፣ በማኅደራቸው የተጻፈው ቃል እንዲታረም የጋራዡን ጓዶች ይለምናሉ።

አቶ ባዬ ከአደጋው በኋላ የተቃጠለውን ሸራ ሲያወርዱ በጥፍራቸው ዳስሰው ሁሉንም ተረድተው ነበር፤ ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ አላነሱባቸውም። በስብሰባው ማግስት ባለቤታቸውን እንደ ወትሮው ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጠው ፔዳሉ የት ላይ እንደሚይዝ ጠየቋቸው፤ የነገሯቸውንም አምነው ፈረሙ።

የሰውን ጥፋት ተሸክመው የኖሩትን የአቶ ባዬን ነፍስ፣ የሁላችንን ሸክም የሚያውቅ አምላክ በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።